ውሻ ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፦ ከማይክሮቺፑ እስከ አፓርትመንቱ

ቪዛው ተመትቶለት ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ለመሄድ የተነሳ ሰው ውሻውን መውሰድ እንደሚቻል ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአውሮፕላኑን ዋጋ ነው። ዋጋው ግን ከሁሉም ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዱ የቀን ቆጠራው ነው። ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ደንብ እያንዳንዱ እርምጃ ከቀዳሚው በኋላ እንዲደረግ ያዛል። አንዱ ቦታውን ከሳተ ቀሪው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ ክትባቱ በትክክል ተሰጥቶም ቢሆን። ከተማው ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ውሻው አመል አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ።

አሜሪካ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ውሻ ለምን ለይታ ታያለች?

ነገሩ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ንክሻ ነው። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን የቫይረሱን ዓይነት ከአገሯ ማጥፋቷን ያስታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ እዚያ በሽታው የሚገኘው በሌሊት ወፍ፣ በቀበሮና በመሳሰሉት የዱር እንስሳት ላይ ነው። የጠፋው እንዳይመለስ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ (ሲዲሲ) ውሻ ላይ በሽታው በብዛት ያለባቸውን አገሮች «ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው» ብሎ ይዘረዝራል። ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ውስጥ አለች።

የሚቆጠረው ውሻው የተወለደበት አገር ሳይሆን ባለፉት 6 ወራት የቆየበት ነው። አሜሪካ ተወልዶ አዲስ አበባ አንድ ወር የከረመ ውሻም ከዚሁ ይመደባል።

ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ውሻ ከየትም አገር ቢመጣ አይገባም። ቡችላ ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

ማይክሮቺፕ ምንድን ነው? ውሻው ሲጠፋ ያለበትን ያሳያል?

አያሳይም። ይህ በብዛት የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታህል ትንሽ ነገር ስትሆን በመርፌ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር ትገባለች። ባትሪ የላትም፣ ጂፒኤስም አይደለችም። የማንበቢያው መሣሪያ ሲጠጋት 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ታወጣለች፤ ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው።

እንደ መኪና ሰሌዳ ቢያስቧት ይቀላል። ሰሌዳው መኪናው የት እንደቆመ አይነግርም፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሊብሬው ላይ ሲመዘገብ ነው። የቺፑ ቁጥርም በመዝገብ ድርጅት ዘንድ ከባለቤቱ ስምና ስልክ ጋር ካልተያያዘ ባዶ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ቺፑን አስተክሎ ምዝገባውን ይረሳል፤ ወይም አሜሪካ ከገባ በኋላም የኢትዮጵያ ስልኩ እንደተመዘገበ ይቀራል። አዲስ የአሜሪካ ቁጥር በወጣ ቀን መዝገቡን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቺፑ ዓለም አቀፉን የአይሶ ደረጃ ያሟላ መሆን አለበት። ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባቱ ደግሞ ግዴታ ነው። ያለ ቺፕ የተሰጠ የእብድ ውሻ ክትባት ያለ ሰሌዳ ለቆመ መኪና እንደተገዛ ኢንሹራንስ ነው፤ ለየትኛው ውሻ እንደተሰጠ ማረጋገጫ የለውም። ስለዚህ ውሻዎ ባለፈው ዓመት ተከትቦ ከሆነና ቺፑ ዘንድሮ ከገባ እንደገና መከተብ አለበት። ሐኪሙ ከመርፌው በፊት ቺፑን በመሣሪያ አንብቦ ቁጥሩን በክትባት ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ያድርጉ። ከ15ቱ አሃዝ አንዱ ተዘበራርቆ የተጻፈ ደብተር አየር ማረፊያ ላይ የሌላ ውሻ ደብተር ሆኖ ነው የሚታየው።

ከተከተበ አይበቃም? ደም ለምን ይወሰዳል?

ክትባት መርፌው መወጋቱን እንጂ የውሻው አካል መልስ መስጠቱን አያረጋግጥም። ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ከእነዚህ አገሮች የሚመጡ ውሾችን ለጊዜው ያገደችበት አንዱ ምክንያት የሐሰት ወረቀት መብዛቱ ነበር። ታይተር የሚባለው የደም ምርመራ በውሻው ደም ውስጥ በሽታውን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውን ይለካል። ማለፊያው በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ቀኖቹ እንዲህ ናቸው፦ ደሙ የሚወሰደው ከመጀመሪያው ትክክለኛ ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላ፣ አሜሪካ ከመግባት ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን በፊት ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ቆጠራውን ያቀልለዋል። ቺፑና ክትባቱ መስከረም 1 ቀን ከተደረጉ ደሙ የሚወሰደው ቶሎ ቢባል ጥቅምት 1 ነው፤ ውሻው አሜሪካ መግባት የሚችለው ከጥቅምት 29 ጀምሮ ነው። ይህ ግን ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ሙከራ ሲሳካ ነው። ናሙናው ሲዲሲ ወደሚቀበለው የውጭ አገር ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳል። ቢያንስ 4 ወር ይዞ መነሳት ልብ ያሳርፋል።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይበላሻሉ። አንደኛው ናሙናው ነው። የሚላከው ሙሉ ደም ሳይሆን በማሽን ተሽከርክሮ የተለየው ውሃማው ክፍል፣ ሴረም ነው። ሙሉ ደም በመንገድ ላይ ይበላሻል፤ ላቦራቶሪውም ላይቀበለው ይችላል። የቱቦው መለያ ላይ የቺፑ ቁጥር መጻፍ አለበት። ሁለተኛው ውጤቱ ከ0.5 በታች ሲሆን ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበ ውሻ ላይ ይህ ያጋጥማል፤ መፍትሔው እንደገና ከትቦ እንደገና ደም መላክ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ከደሙ በፊት ማጠናከሪያ ክትባት የሚመክሩት።

ታይተር ሳይኖረው የሚሄድ ውሻ መግባት አይከለከልም፤ ግን በባለቤቱ ወጪ 28 ቀን በለይቶ ማቆያ ይቆያል። ወጪው ከባድ ነው። አዲስ አገር ገብቶ የተደናገጠ ውሻን ለአንድ ወር የማያውቃቸው ሰዎች ዘንድ መተውም ለእሱ ቀላል አይደለም።

ወረቀቱን ማን ይሞላል? የት ነው የሚገባው?

ሲዲሲ የራሱ ቅጽ አለው፤ በውጭ አገር የተሰጠ የእብድ ውሻ ክትባትና የማይክሮቺፕ ማረጋገጫ ይባላል። የከተበው ሐኪም ይሞላዋል፣ ከዚያ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸድቀዋል። የግል ክሊኒክ ማኅተም ብቻውን አይበቃም። በቁስል ላይ የሚራባ ሥጋ በል ትል ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ ውሾች ደግሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከመነሻው ቀን በፊት ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የመንግሥት ሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ቀጠሮ መጨረስ ይሻላል።

ሌላው የሲዲሲ የውሻ ማስገቢያ ቅጽ ነው። በኢንተርኔት በነጻ ይሞላል፣ የውሻው ግልጽ ፎቶ ይያያዝበታል፣ ደረሰኙ በኢሜይል ይመጣል። ደረሰኙን የሚጠይቀው መጀመሪያ ቦሌ ላይ ያለው የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው። እሱ ከሌለ ውሻው አውሮፕላን ላይ አይወጣም።

የአየር ማረፊያው ምርጫም የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ውጭ የተከተበ ውሻ የሚገባው ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት መቀበያ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የዋሽንግተኑ ዱለስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የኒውዮርኩ ጄኤፍኬና አትላንታም አሉበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ዱለስ ይበርራልና ወደዚህ አካባቢ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ቀና ነው። ትኬቱን ከመቁረጥ በፊት ከመቀበያው ቦታ መያዝና በጽሑፍ ማረጋገጫ ማግኘት ግን የግድ ነው። እዚያ ውሻው ይመረመራል፣ ቺፑ ይነበባል፣ እንደገና ይከተባል። በሌላ የአሜሪካ ከተማ አድርጎ በአገር ውስጥ በረራ ዱለስ መድረስ አይቻልም፤ አሜሪካን የሚረግጥበት የመጀመሪያው ቦታ መቀበያው ያለበት መሆን አለበት።

የጉዞ ሳጥኑ ምን ያህል ይሁን?

ቆሞ፣ ዞሮ፣ እግሩን ዘርግቶ መተኛት የሚችልበት። መለኪያው ቋሚ ነው፦ ርዝመቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት ሥር ሲደመር የፊት እግሩ ቁመት ግማሽ፤ ስፋቱ የትከሻው ስፋት በሁለት ሲባዛ፤ ከፍታው ቆሞ ሳለ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ ሲደመር ምንጣፉ። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ዝርያ ከዚህ 10 በመቶ የሚሰፋ ይፈልጋል። ሁለቱን የሳጥን ክፍሎች የሚያያይዘው የብረት ብሎን ይሁን። ፕላስቲኩ መቆለፊያ ይነቀላል።

ማደንዣ ወይም ማስተኛ መድኃኒት አይሰጥ። በከፍታ ላይ የደም ግፊቱን ያወርዳል፤ ሚዛኑንም ያሳጣዋል። ይልቁንስ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሳጥኑን ቤት ውስጥ ክፍት አድርጎ ማስቀመጥና ምግቡን እዚያው ውስጥ መስጠት ይረዳል። ሳጥኑን እንደ መኝታው የለመደ ውሻ ከ15 ሰዓት የማያንሰውን በረራ በተሻለ ይችለዋል።

መጀመሪያ ዘመድ ቤት ማረፍ ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ወረቀት በላይ መታሰብ አለበት፤ ምክንያቱም አብዛኛው መጤ የመጀመሪያ ወሮቹን የሚያሳልፈው ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ ዘንድ ነው። ዘመድዎ «ቤቴ ቤትህ ነው፣ ውሻህም ይምጣ» ቢልዎት ከልቡ ነው። ፈቃዱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። የተፈራረመው ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል) ውሻ የማይፈቅድ ከሆነ ወይም የተመዘገበ እንስሳ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ለ3 ሳምንት እንግድነት የመጣ ውሻም ያልተፈቀደ እንስሳ ነው። ሕንፃው ቅጣት ይጥላል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ማስጠንቀቂያው የሚሄደው በዘመድዎ ስም ነው። ለዓመታት የገነባውን የኪራይ ታሪክ የሚያበላሸው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ዘመድዎ የሊዙን የእንስሳት አንቀጽ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ከፈቀደ ለቢሮው በጽሑፍ ያሳውቅ። ካልፈቀደ ሁለት መንገድ አለ፦ ውሻ የሚቀበል የአጭር ጊዜ ኪራይ አስቀድሞ መያዝ፣ ወይም ውሻውን አዲስ አበባ ለሚታመን ሰው ትቶ ቤት ሲገኝ ማስመጣት። ሁለተኛው ሲታሰብ ልብ ይከብዳል፤ ግን ብዙ ጊዜ ለውሻውም ለዘመዱም የሚሻለው እሱ ነው። ቺፑ፣ ክትባቱና ታይተሩ ካለቀ ውሻው በኋላም ይመጣል። ክትባቱ ጊዜው እንዳያልፍ ብቻ በቀኑ መታደስ አለበት።

ከቤተሰቡ ጋርም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። አገር ቤት ውሻ የሚኖረው ግቢ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይታሰራል። አፓርትመንት ውስጥ ግቢ የለም። ሙስሊም ዘመድ የውሻ ምራቅ ልብሱንና መስገጃውን እንዳይነካበት ይጠነቀቃል፤ የጸሎት ቦታ ባለበት ክፍል ውሻ እንዲገባ የማይፈልግ ኦርቶዶክስም ብዙ ነው። ውሻው የሚያድርበትን ክፍል፣ የማይገባበትን ክፍልና እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚሆን ከመድረሱ በፊት መወሰን ቅያሜን ያስቀራል።

አፓርትመንቱ ለውሻ የሚያስከፍለው ስንት ዓይነት ነው?

ሦስት ስሞች አሉ፣ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ፔት ዲፖዚት መያዣ ነው፤ ውሻው ጉዳት ካላደረሰ ሲለቁ ይመለሳል። ፔት ፊ አንዴ የሚከፈልና የማይመለስ ነው። ፔት ሬንት በየወሩ ከኪራዩ ጋር የሚጨመር ነው። አንዱ ሕንፃ ሦስቱንም ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ውሻ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። የዓመቱን ድምር ይጠይቁ።

ብዙ ሕንፃዎች የክብደት ገደብና የማይቀበሏቸው ዝርያዎች ዝርዝር አላቸው። አዲስ አበባ ግቢ ጠባቂ ሆኖ የተወደደው ጀርመን ሸፐርድ፣ እንዲሁም ሮትዋይለርና ፒትቡል በዚህ ዝርዝር ውስጥ ደጋግመው ይገኛሉ። የተከራይ ኢንሹራንስም ውሻው ሰው ቢነክስ ይከፍል እንደሆነና ዝርያውን ያገለለ እንደሆነ መታየት አለበት።

አካል ጉዳተኛን የሚረዳ ውሻ በፌዴራሉ የቤት ሕግ እንደ ተራ የቤት እንስሳ ስለማይቆጠር የእንስሳ ክፍያ አይጣልበትም። በኢንተርኔት ገንዘብ ተቀብሎ «ምስክር ወረቀት» የሚሸጥ ሁሉ ግን መንግሥታዊ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መንግሥታዊ መዝገብ የለም። ገንዘብዎን አይስጡ።

ግቢ ያደገ ውሻ አፓርትመንት ውስጥ ምን ይሆናል?

ሥራውን ያጣል። አዲስ አበባ ሌሊት ሲጮኽ፣ የጅብ ድምፅ ሲሰማ የሰፈሩን ውሾች ተከትሎ ሲነሳ፣ በሩን ሲጠብቅ «ጎበዝ» ይባል ነበር። እዚህ ያው ጩኸት ከጎረቤት ክስ ያመጣል። ኮሪደር ላይ የሚያልፍ እግር፣ የሊፍት ደወል፣ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ሁሉ ለእሱ አጥር የዘለለ ሌባ ነው። በመምታት አይተውም፤ ፍርሃቱ ይብሳል። የሚሠራው ድምፁ በተሰማ ቁጥር፣ ከመጮሁ በፊት፣ ትንሽ ሥጋ ነገር መስጠት ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ድምፁን ሲሰማ ወደ በሩ ከመሮጥ ይልቅ ወደ እርስዎ ይመለከታል።

ሰዓቱም ተዛብቷል። በበጋቸው ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለመነሳት የለመደ ውሻ እዚያ በበጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት (በእነሱ 11) ላይ ነቅቶ «ውጣ» ይላል። በየቀኑ ምግቡን በአዲሱ ሰዓት መስጠትና ጠዋት ብርሃን ላይ ማውጣት በአንድ ሳምንት ያስተካክለዋል።

ሽንቱን የፈለገበት ሲሸና የኖረ ውሻ ምንጣፍና አፈርን አይለይም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየ3 ሰዓቱ፣ ከእንቅልፍ ሲነሳና በልቶ ሲጨርስ ወደ አንድ ቦታ ማውጣት ነው። ቤት ውስጥ ካመለጠው በበረኪና አይጠረግ፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ጎጂ ጋዝ ያወጣል፣ ሽታውም ለውሻው አፍንጫ አይጠፋም። የእንስሳት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ አለ። ከውጭ የሚያደርገውን ደግሞ በከረጢት ማንሳት ግዴታ ነው።

ብዙ ውሻ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የአውቶቡስ ፍሬን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ወደኋላ ይስባል፣ የአንገቱ ማሰሪያ በራሱ ላይ ያልፍና ነጻ ይወጣል። በማያውቀው ከተማ ወደ ቤት የሚመለስበት ሽታ የለውም። ደረቱ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ከአንገቱ ማሰሪያ ጋር አብሮ ይደረግለት፤ ሁለቱም ሁለት ጣት ብቻ በሚያስገባ መጠን ይጥበቁ። ስልክ ቁጥርዎ አንገቱ ላይ ይሁን።

ብቻውን መቆየትን በደረጃ ያስለምዱት፦ አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ ሰላሳ። ሥራ በጀመሩበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ 9 ሰዓት ብቻውን የተተወ ውሻ በሩን ይቧጥጣል፣ ያላዝናል።

ምግቡስ? የተረፈ ወጥ ይበላ ነበር

ይቅርበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ በሽንኩርት የተሠራ ነው። ጉዳቱ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጠራቀም እስኪታወቅ ይዘገያል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ለኩላሊቱ መርዝ ነው፤ ከቆሎው ጋር የተቀላቀለ ቢሆንም። ወደ ደረቁ የውሻ ምግብ በአንድ ጊዜ አይዘዋወር፤ ሆዱ ይታወካል። ከ7 እስከ 10 ቀን ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሦስት ሩቡን እያሉ ይቀይሩት።

ፈቃድ ያስፈልጋል? ጤናውስ?

«ዋሽንግተን» የምንለው ሦስት አስተዳደር ነው፦ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ። ሕጉ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ዲሲ ላይ አንድ አይደለም። በዲሲ ከ4 ወር በላይ የሆነ ውሻ ሁሉ በየዓመቱ ፈቃድ ያወጣል፤ ለተኮላሸ ወይም ለመከነች 15 ዶላር፣ ላልሆነው 50 ዶላር ነው። የእብድ ውሻና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ ተላላፊ በሽታ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። በቨርጂኒያ የከተበው ሐኪም የክትባቱን ማስረጃ ለአካባቢው ገንዘብ ያዥ ስለሚልክ ፈቃድ ሳያወጡ የሚቆዩ ሰዎች ደብዳቤ ይደርሳቸዋል።

በደረሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ያሳዩት። አዲስ አበባ ከፍ ያለችና ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ከተማው ውስጥ ያደገ ውሻ የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች እዚህ ይጠብቁታል። አንደኛው የልብ ትል ነው፤ በትንኝ ንክሻ ገብቶ በልብና በሳንባ የደም ሥር ውስጥ ያድጋል። መከላከያው በየወሩ ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የደም ምርመራ ይደረጋል። ሁለተኛው የላይም በሽታ የምታስተላልፍ መዥገር ናት። ከሣር ሲመለስ ጆሮው ሥር፣ ብብቱና ጣቶቹ መካከል በእጅ ይዳሰስ።

የሐምሌው ሙቀት ከወበቁ ጋር ለውሻ ከባድ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ እርጥብ አየር ውስጥ ማለክለኩ አይረዳውም። አስፋልቱ ላይ የእጅዎን ጀርባ 7 ሰከንድ ያሳርፉ፤ ለእርስዎ ካቃጠለ ለመዳፉም ያቃጥላል። በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፉን ያቆስላል፤ ቤት ሲገባ በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ።

በኋላ ለእረፍት አዲስ አበባ ይዤው ብመለስስ?

ከመውጣትዎ በፊት ያስቡበት። አሜሪካ የተከተበ ውሻ ከኢትዮጵያ ሲመለስ ታይተርም መቀበያም ሳያስፈልገው የሚገባው፣ አሜሪካ ሳለ በሐኪም ተሞልቶ በግብርና መሥሪያ ቤቱ የጸደቀ የአሜሪካ ክትባት ማረጋገጫ ቅጽ ሲኖረው ነው። ይህ ወረቀት ውሻው ከአገር ከወጣ በኋላ አይሠራም። አዲስ አበባ ደርሰው ካስታወሱት ውሻው ውጭ እንደተከተበ ይቆጠራል፤ ከደም ምርመራው እስከ ዱለሱ መቀበያ ያለው መንገድ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።